ዕቁቤ ሲደርሰኝ ልክፈላቸው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኤሲና ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) እገጥማለሁ። ላይሴንስም ኢንሹራንስም አለኝ። ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ቤተ ክርስቲያን ለምንተዋወቃቸው አንዲት እናት አቲካቸው ውስጥ፣ ከኮርኒሱ በላይ ጣራው ሥር፣ ኤሲ ገጠምኩላቸው። የውሃ መውረጃ ቱቦውን ያያያዘው አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ በዚያ ሙቀት ቶሎ ልውጣ ብዬ አላየሁለትም። ኦክቶበር ላይ ፈርነሱን ለማየት ስሄድ ኮርኒሱ ላይ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ አይቼ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ የድሮ የጣራ ፍሳሽ መስሎኝ ተውኩት። በዚህ ጁላይ ቱቦው ተደፈነና ውሃው ከሥሩ ያለውን ትሪ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ አልጋው ላይ ወረደ። ተመስገን፣ ሰው አልተኛበትም።

የሴትዮዋ የቤት ኢንሹራንስ ለእሳቸው ከፍሎ አሁን ለእኔ 11,400 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ ልኮብኛል። ለኢንሹራንሴ ብናገር ክፍያው ይሰቀልብኛል። ደግሞ ለኢንሹራንስ ኤጀንቱ ብቻዬን ነው የምሠራው ብዬዋለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ለአንድ ረዳት የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ አያስፈልግም ብሎኝ ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያም ጃንዋሪ ላይ ቀይሬያለሁ። ዕቁቤ መስከረም ላይ ይደርሰኛል፤ በእሱ እከፍላለሁ ብዬ ልጻፍላቸውና ሳይሰማ ይለቅ?

ኤሲ ሠሪው

*

ወንድሜ፣ ምንም እንዳይጽፉ። ኤጀንት ቢሮ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ጉዳት አድርሰው ሳይሆን በይሉኝታ ቀድመው ቃል ገብተው የተጎዱ ሰዎች አይቻለሁ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ተብለን ነው ያደግነው። በኢንሹራንስ ውል ውስጥ ግን ኩባንያው ሳይፈቅድ የገቡት ቃል የእርስዎ የብቻ ዕዳ ነው፤ ፖሊሲዎን ቢያገላብጡት በራስዎ ፈቃድ የከፈሉትን ወይም እከፍላለሁ ያሉትን እንደማይመልስልዎ ተጽፎ ያገኙታል። ዕቁብዎ ይቆይ።

ደብዳቤውን ዛሬውኑ ለኢንሹራንስዎ ያሳውቁ። ለአሁኑም፣ ለድሮውም። የኮንትራክተር ተጠያቂነት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ኤሲው የተገጠመበትን ቀን ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ነው። ኮርኒሱ የወረደው ጁላይ ስለሆነ የአሁኑ ኩባንያ ይመለከተዋል ማለት ይቻል ነበር። ያ የኦክቶበር እድፍ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። አዲሱ ኩባንያ «ጉዳቱ ከእኔ በፊት ጀምሯል፣ አንተም ታውቅ ነበር» ሊል ይችላል። የድሮ የጣራ ፍሳሽ መስሎኝ ነበር ማለትዎ እውነት ከሆነ ያንኑ ይበሉ። ፎቶውን ግን እንዳያጠፉት።

ይከፍላሉ ወይ? ለኮርኒሱ፣ ለአልጋው፣ ለወለሉ፣ ከእርስዎ ድርሻ (ዲዳክተብል) በላይ ላለው፣ ነገሩ በደህና ከሄደ አዎ። ቱቦውን ነቅሎ እንደገና ለመግጠም ግን አይከፍሉም፤ የራስን ሥራ ማስተካከል የራስ ወጪ ነው። ሻጋታ ካለ ደግሞ ብዙ ፖሊሲዎች ከሽፋን ያወጡታል፤ የኤሲ ጋዝ መፍሰስንም እንደዚያው፤ የእርስዎ ምን እንደሚል ይጠይቁ። 11,400ው ራሱ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። የእርስዎ ኩባንያ የሚልከው ሰው ያረጀን ኮርኒስ በአዲስ ዋጋ አይቆጥረውም፣ ይከራከራል። የኢንሹራንስ ክፍያዎ ይጨምር ይሆናል። ቢጨምርስ?

እኔን ያስጨነቀኝ የእህትዎ ልጅ ነው። ጓደኛዎ አልዋሸዎትም፤ የነገረዎት የእሱን ስቴት ሕግ ነው። ቨርጂኒያ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ የሚያስገድደው ከሁለት ሠራተኛ በላይ ሲኖር ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ ግን አንድ ሠራተኛም ይበቃል። 1099 (ለኮንትራክተር የሚሰጠውን የግብር ወረቀት) እሰጠዋለሁ እንዳይሉኝ፤ በእርስዎ ቫን ሄዶ፣ በእርስዎ መሣሪያ፣ እርስዎ ና ባሉት ሰዓት የሚሠራ ልጅ ወረቀት ስለተሰጠው ኮንትራክተር አይሆንም። አቲክ ውስጥ እንጨቱን ስቶ ኮርኒሱን ቢረግጥና ቢወድቅ የሆስፒታሉ ሂሳብ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው። ላይሴንስ ሲያወጡ ያሳዩት የ300,000 ዶላር ተጠያቂነትና የ100,000 ዶላር የንብረት ሽፋን ለደንበኛው ነው፤ ለእሱ አንድ ሳንቲም የለውም።

ብቻዬን ነኝ ማለትዎ ከባድ ነገር ነው፤ አላቀልልዎትም። ኩባንያዎች ውሉ ሲያልቅ የደመወዝ መዝገብ ያያሉ፣ ያኔ ይወጣል። ኩባንያው ጉዳዩን በያዘ ጊዜም ቱቦውን ማን ገጠመ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለጠበቃ አንድ ሰዓት ይክፈሉና የፈረሙትን ማመልከቻ ያሳዩት፤ ከዚያ ሳይጠየቁ እርስዎ ቀድመው ያስተካክሉት። የዕቁቡ ገንዘብ የሚያስፈልግዎ እዚህ ላይ ነው። ከተረፈም በየአቲኩ ለገጠሟቸው ትሪዎች ውሃ ሲሞላ ኤሲውን የሚያጠፋ ፍሎት ስዊች ይግዙበት። በሐምሌ ወበቅ አንድ ኤሲ በቀን 5 ጋሎንና ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሴትዮዋ ጋር ሄደው እንኳን እግዜር አተረፈዎት፣ አዝኛለሁ ይበሏቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ ግን አይበሉ። ቡና ካፈሉልዎት ጠጥተው ይውጡ።