የሐኒሽ ደሴቶች ክርክር ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲዋጉ ሬዲዮ እንሰማ ነበር። ሁለቱም ደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ናቸው ይሉ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ጣሊያንና እንግሊዝ ያን ያህል ዘመን በቀይ ባሕር ላይ ሲመላለሱ፣ ካርታም ሲሥሉ ኖረው፣ የእነዚህን ደሴቶች ባለቤት ሳይለዩ እንዴት ሄዱ? ረስተዋቸው ነው?»
— አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አልረሷቸውም። ጠቡን ያወረሰን ታውቆበት፣ ተመክሮበትና ተፈርሞበት ሳይለይ የቀረ ባለቤትነት ነው፤ ይህንንም ለማየት ውሎቹን በየተራቸው መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ዓምድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባብ ኤል መንደብ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጠባብ ክፍል የሚገኙት ዙቁር፣ ታላቁ ሐኒሽና ታናሹ ሐኒሽ፣ እንዲሁም ከእነሱ ራቅ ብለው ወደ ሰሜን ያሉት የዙበይር ደሴቶችና ጀበል አልጠይር፣ ቋሚ ነዋሪ የሌላቸው የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ናቸው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ጌታቸው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ነበር። ሱልጣኑ በ1860ዎቹ አጋማሽ ምጽዋንና ሱዋኪንን ለግብጹ ኸዲቭ (ገዢ) ለእስማኤል አሳልፎ ሲሰጥ፣ ደሴቶቹ ግን በየመን በኩል ባሉት የቱርክ ሹማምንት እጅ ቀሩ። የመን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ላቀረበችው ክርክር አንደኛው መነሻ ይህ ነው።

በኖቬምበር 1869 የሆነውን ልብ ይሏል። በወሩ በ15ኛው ቀን ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ጣሊያናዊ፣ ሩባቲኖ በሚባለው የመርከብ ኩባንያ ስም በአሰብ ላይ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ተዋዋለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። ይህ በአጋጣሚ የገጠመ አይደለም። ቦዩ ሲከፈት ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄደው መርከብ ሁሉ በእነዚህ ዐለቶች መካከል ማለፍ ግድ ሆነበት፤ ስለዚህ በአካባቢው የእግር መትከያ ማግኘት ለታላላቆቹ መንግሥታት የጥቅም ጉዳይ ሆነ። የጣሊያን መንግሥት አሰብን በ1882 ከኩባንያው ተረከበ፣ በ1885 ምጽዋን ያዘ፣ በ1890 ደግሞ «የኤርትራ ቅኝ ግዛት» ብሎ አወጀ። እንግሊዝ ከ1839 ጀምራ ኤደንን ይዛለች። የመን በቱርክ ሥር ናት። በመሐል ያሉት ደሴቶች ለሦስቱም ከመሬትነታቸው ይልቅ መርከብ የሚሰብሩ መሰናክሎች ነበሩ፤ ለዚህም ነው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ከሱልጣኑ ፈቃድ ተቀብሎ በጀበል አልጠይር፣ በዙበይርና ከዙቁር አጠገብ ባለችው በአቡ ዓሊ ላይ የመርከብ መብራት ማማዎችን የሠራው። የደሴቶቹ ፖለቲካ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በመብራቶቹ ዙሪያ ተሽከረከረ፤ ዘይቱን ማን ይግዛ፣ ጠባቂውን ማን ይቅጠር፣ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ሲያነጋግር ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ወደ ጎን ይተው ነበር።

ቱርክ በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ በጁላይ 1923 የተፈረመው የሎዛን ውል ለጥያቄዎ ቁልፉ ነው። በአንቀጽ 16 ቱርክ ከአዲሱ ወሰኗ ውጭ ባሉት ግዛቶችና ደሴቶች ላይ ያላትን መብት ሁሉ ተወች፤ የወደፊት ዕጣቸውንም «የሚመለከታቸው ወገኖች» እንደወሰኑት ወይም ወደፊት እንደሚወስኑት ሆኖ ተጻፈ። እነዚህ ወገኖች እነማን እንደሆኑ አልተገለጸም። እስከ መቼ እንደሚወስኑም ቀን አልተቆረጠም። አንድ መንግሥት ርስቱን ሲለቅ ተረካቢው በስም ካልተጠራ፣ በአካባቢው ያለ ሁሉ ራሱን የሚመለከተው ወገን አድርጎ ይቆጥራል፤ የሆነውም ይኸው ነው። በሰንዓ የነበሩት የየመን ገዢ ኢማም ያሕያ ውሉን አልፈረሙም፤ ኢትዮጵያም አልፈረመችም።

እንግሊዝና ጣሊያን በ1927 በሮም ተነጋገሩ። እንግሊዝ ወደ ሕንድ የሚወስደው መንገዷ እንዳይዘጋ ትሰጋለች፤ ጣሊያን ደግሞ ከኤርትራ ተነሥታ ወደ ዓረብ ጠረፍ መሻገር ትፈልጋለች። በመጨረሻ የተስማሙት ሌላ አውሮፓዊ መንግሥት በዚያ ጠረፍና በደሴቶቹ ላይ እንዳይሰፍር፣ እነሱም እርስ በርሳቸው እንዳይቀዳደሙ ነው። በአፕሪል 1938 ይህንኑ አጠናክረው ፈረሙ፤ ሁለቱም ቀድሞ የቱርክ በነበሩት በእነዚህ ደሴቶች ላይ ሉዓላዊነት ላይመሠርቱ፣ ምሽግም ላይሠሩ ቃል ገቡ። ሆኖም ጣሊያን ዓሣ አጥማጆቿን ለመጠበቅ በዙቁርና በሁለቱ ሐኒሾች ላይ ሹማምንት እንድታስቀምጥ ተፈቀደላት። የዚያኑ ዓመት ዲሴምበር የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ገዢ ደሴቶቹ በኤርትራ የዳንካሊያ አስተዳደር አካል ናቸው የሚል ድንጋጌ አወጣ። በለንደን ፊት «የእኔ አይደሉም» እያለች፣ በአሥመራ መዝገብ «የእኔ ናቸው» ብላ መጻፏን አስተውሉ። ሁለቱም ወረቀቶች ከስድሳ ዓመት በኋላ በዳኞች ፊት ቀርበዋል፤ ኤርትራ ድንጋጌውን ስትጠቅስ የመን ስምምነቱን ጠቅሳለች።

ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ በ1947 የሰላም ውል ስትፈርም በአፍሪካ የነበሯትን ግዛቶች ለቀቀች፤ በተለየ አንቀጽም በሎዛን ውል አንቀጽ 16 መሠረት ሊኖራት የሚችለውን መብት ሁሉ ተወች። አሁንም «ተውሁ» ተባለ እንጂ «ለእገሌ ሰጠሁ» አልተባለም። በእኔ እምነት የሐኒሽ ውጊያ የተዘራው ይህ ዝምታ በ1923፣ በ1927፣ በ1938 እና በ1947 አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው። የዝምታው ተጠቃሚዎች ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን የአሰብና የሑደይዳ ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ነፍሱን ይማረውና አባቴ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሲያገለግል በእነዚህ ደሴቶች ዙሪያ ቅኝት ያደርጉ እንደነበር ያጫውተን ነበር። ታዲያ ደሴቶቹ የኢትዮጵያ ነበሩ ማለት እንችላለን? ከነበሩስ ለምን ለየመን ተፈረዱ?»
— አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ አባትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ሕገ መንግሥቷ ግዛቷን ሲገልጽ ደሴቶቹን ጨምሮ የቀድሞው የጣሊያን ቅኝ ግዛት የነበረውን ሁሉ ይላል። ኢትዮጵያም ጣሊያን ይዛው የነበረውን ሁሉ ወርሻለሁ ብላ ቆመች። ይሁን እንጂ ወራሽ ከአውራሹ የበለጠ ሊወርስ አይችልም፤ ጣሊያን በደሴቶቹ ላይ ሉዓላዊነት አልመሠርትም ብላ ፈርማ ስለነበር ለኢትዮጵያ የተላለፈው መብት ከመነሻው ያልጸና ነበር። ደሴቶቹ የኢትዮጵያ «ነበሩ» ከማለት ይልቅ ኢትዮጵያ የእኔ ናቸው ትልና ትጠብቃቸው ነበር ማለቱ ለታሪኩ ይቀርባል።

ባሕር ኃይሉ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አካባቢውን ይቃኝ የነበረው በአብዛኛው የኤርትራ ነፃ አውጪ ተዋጊዎች ከዓረብ ጠረፍ መሣሪያና ስንቅ እንዳያሻግሩ ነው። ከዓመታት በኋላ ነፃዪቱ ኤርትራ በዳኞች ፊት ስትቆም ደሴቶቹ የእኔ መሆናቸውን ያሳያሉ ብላ ካቀረበቻቸው ማስረጃዎች መካከል እነዚሁ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ቅኝቶች ነበሩበት። በአንድ ወቅት የራሷን ታጋዮች ለመያዝ የተደረገ ዘመቻ የርስቷ ምስክር ሆኖ ተጠራ። የባሕር ኃይሉ አባላት የለፉበት ሥራ ታሪካዊ ዋጋው አያጠራጥርም፤ ለፍርዱ ግን ሚዛን የሚደፋ አልሆነም።

ነገሩ ወደ ፍርድ የሄደው ከውጊያው በኋላ ነው። የመን በታላቁ ሐኒሽ ላይ ለጠላቂ ቱሪስቶች የሚሆን ሆቴል እንዲሠራ ፈቅዳ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ኤርትራ ተቃወመች፤ በዲሴምበር 1995 አጋማሽም ሁለቱ ጦሮች ተጋጥመው ኤርትራ ደሴቲቱን ያዘች። በሜይ 1996 በፓሪስ ጉዳዩን ለግልግል ዳኝነት ለመስጠት ሲስማሙ ፈረንሳይ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ በምስክርነት ቆመዋል። በእንግሊዛዊው ሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት የተቀመጡት አምስት ዳኞች ኦክቶበር 9 ቀን 1998 በአንድ ድምፅ ፈረዱ።

ዳኞቹ የሁለቱንም ወገኖች የጥንት ርስት ክርክር አልተቀበሉም። የመን «ቱርክ ስትሄድ ደሴቶቹ ወደ ጥንት ባለቤታቸው ወደ እኔ ተመለሱ» ብላ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ኢማሞች ግዛት በተራራው የተወሰነ እንደነበርና በሎዛን የደሴቶቹ ዕጣ ክፍት ሆኖ መቅረቱን ጠቅሰው ይህን ጣሉት። የኤርትራንም የጣሊያን ውርስ ክርክር ቀደም ሲል ባልነው ምክንያት ጣሉት። ያን ሁሉ መቶ ዓመት ከመዘኑ በኋላ ባዶ ሚዛን ስለገጠማቸው ወደ ቅርቡ ዘመን ተመለሱ፤ ከክርክሩ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ገደማ በደሴቶቹ ላይ የመንግሥት ሥራ የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ባገኟቸው ማስረጃዎች ላይ ትልልቅ ነገር አይታይም። የመን መብራቶችን ሠርታለች፤ ለመርከበኞች ማስታወቂያ አውጥታለች፤ በ1993 የነዳጅ ኩባንያው ቶታል በታላቁ ሐኒሽ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ጠርጎ ዕረፍት የወጡ ሠራተኞቹን ለሽርሽር ያመላልስ ነበር። ኢትዮጵያ በእነዚያ ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ኤርትራ ደግሞ ነፃነቷን ካወጀች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ስለዚህ የዙቁርና የሐኒሽ ደሴቶች፣ ዙበይርና ጀበል አልጠይር ለየመን ተፈረዱ፤ ወደ ኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡት የሞሐባካና የሄይኮክ ደሴቶች ከደቡብ ምዕራብ ዐለቶች ጋር ለኤርትራ ሆኑ። ኤርትራ ፍርዱን ተቀብላ በሚቀጥለው ወር ታላቁ ሐኒሽን አስረከበች። ጦርነት ካካሄደችበት መሬት በፍርድ ብቻ መውጣቷ በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ የማናየው ነገር ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «የሕግ ተማሪ ነኝ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 በካይሮ አገሮች በነፃነታቸው ጊዜ የነበረውን ድንበር እንዲያከብሩ ወስኗል። ይህ መርሕ ለምን የሐኒሽን ጉዳይ በቀላሉ አልፈታውም?»
— አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የካይሮው ውሳኔ የሚሠራው የሚከበር ድንበር ሲኖር ነው። በየብስ ላይ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ቅኝ ገዢዎች የተፈራረሙበት መስመር ብዙውን ጊዜ አለ። በእነዚህ ደሴቶች ላይ ግን የፈረሙት መስመር እንዳይኖር ነው፤ መርሑን በሥራ ላይ እናውል ብንል የምናጸናው ያልተለየውን ባለቤትነት ይሆናል። በተጨማሪ የመን የአፍሪካ አገር ስላልሆነች በድርጅቱ ውሳኔ የምትያዝበት መንገድ የለም።

ለጥናትዎ የሚጠቅም አንድ ነጥብ ልጨምር። በሎዛን ውል አንቀጽ 6 ከጠረፍ በሦስት ማይል ውስጥ ያለ ደሴት የጠረፉ አገር ነው የሚል ቃል አለ። ዳኞቹም ለሞሐባካ ደሴቶች ሲፈርዱ ለጠረፍ መቅረባቸውን ዋና ምክንያት አድርገዋል፤ በሩቆቹ ላይ ግን ቅርበት አልረዳቸውም። የመንግሥት ሥራን ማስረጃ የፈለጉት ለእነዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «ዓሣ አጥማጆቹስ ምን ሆኑ?»
— ይኸው ጠያቂ

መልስ፦ በፍርዱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ክፍል ስለ እነሱ የተጻፈው ነው። ሁሪና ሳምቡክ በሚባሉት ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱት የሁለቱ ጠረፍ ሰዎች በሐኒሽ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ በደሴቶቹ ላይ ሲያደርቁ፣ ጀልባቸውን ሲጠግኑና ለጊዜው ሲጠለሉ ኖረዋል፤ ማንም መንግሥት ባለቤት ነኝ ከማለቱ በፊት። ዳኞቹ ሉዓላዊነቱን ለየመን ሲሰጡ ይህ የቆየ የማጥመድ ልማድ ለኤርትራውያንም ለየመናውያንም ተጠብቆ እንዲኖር አዘዙ። በዲሴምበር 1999 የባሕር ወሰኑን የለዩበት ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ መብቱ በደሴቶቹ ዙሪያ ብቻ የማይወሰን መሆኑን፣ ወደ ሌላው አገር ወደብ ገብቶ ዓሣ መሸጥንም እንደሚጨምር፣ ትልልቅ የንግድ መርከቦችን ግን እንደማይመለከት አብራራ።

አፈጻጸሙ ግን እንደ ቃሉ አልሆነም። ዓሣ አጥማጆች ሲታሰሩና ጀልባዎቻቸው ሲወረሱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የየመን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ደሴቶቹ እንደገና የጦር ቦታ ሆነዋል፤ በዲሴምበር 2015 በሳዑዲ ዐረቢያ የሚመራው ጥምር ኃይል ከሑቲዎች ነጥቆ ይዟቸዋል። ፍርዱ ለአጥማጆቹ የሰጠው መብት ግን ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ የታሰረ ሰው ዘመዶችም ሆኑ ጠበቆች በአሥመራም ሆነ በየመን ባለሥልጣናት ዘንድ ሊጠቅሱት ይችላሉ።