መልስ፦ መጨረሻው የሚታወቅ ልቦለድ ምኑ ይነበባል?

እህትህ የፈረንጆች ገና የሚከበርባቸውን የመንደር የፍቅር ልቦለዶች፣ መጨረሻቸው እየታወቀ፣ ለምን ደጋግማ እንደምታነብ ጠይቀኸኛል። የምታነበው መጨረሻው ስለሚታወቅ ነው እንጂ፣ ቢታወቅም አይደለም። ከአቦል በኋላ ቶና፣ ከቶና በኋላ በረካ እንደሚመጣ እያወቅን ቡናው ዙሪያ የምንቀመጠው ለምንድን ነው?

የመንደሩ ማነስም ሥራ አለው። በከተማ የተኳረፉ ሰዎች መንገድ ቀይረው ይሄዳሉ፤ አንድ ዳቦ ቤት ብቻ ባለበት መንደር ግን በማግስቱ ሰልፍ ላይ ይፋጠጣሉ። በዚያ ላይ ዲሴምበር 25፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 16፣ ቀነ ገደብ ነው፤ እስከዚያ መታረቅ አለባቸው። በረዶ መንገዱን ከዘጋማ ደራሲው ተገላገለ!

እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በቀትር ፀሐይ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ እያየሁ፣ ስለ ምድጃ እሳት አንብቤያለሁ። ጣዕሙ አልቀነሰም።

ለገና ልትገዛላት ካሰብክ ግን ሽፋኑን አትመን። አምና በረዶ የለበሰ ጎጆ አይቼ የገዛሁት መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ የዳቦ ጋጋሪው አስከሬን ተገኘበት። የወንጀል ልቦለዶችም ይህንኑ ሽፋን ይለብሳሉ፤ ከመክፈልህ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ አንብብ።