ሱሉልታን ለመውጣት፦ መጀመሪያ ከክለብ ጋር ወይስ ብቻሽን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ያገለገለ የአስፋልት ሳይክል ገዝተሽ ከተማ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ለምደሻል። አሁን እሑድ እሑድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ክለብ ጋብዞሻል። አንቺ ደግሞ "ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ቀርቼ እንዳላስቸግራቸው መጀመሪያ ብቻዬን ልለማመድ ወይ?" ብለሻል። ብዙዎች "አዎ፣ ብቻሽን ጀምሪ" ብለው መልሰውልሻል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ከክለቡ ጋር ውጪ፤ መንገዱን ስታውቂው ብቻሽን ትሄጃለሽ። ለዓመታት በሁለቱም መልክ ስለነዳሁ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ሰው ክለብ ሲባል ዳገት ላይ የሚያግዘው ይመስለዋል። ዳገት ላይ ማንም ማንንም አያግዝም። ሜዳ ላይ ከሰው ጎማ ጀርባ ተጠግተሽ ስትነጂ ነፋሱን እሱ ይቆርጥልሻል፤ ሩብ ያህል ጉልበት ይተርፍሻል። ከአዲሱ ገበያ በድል በር አድርገሽ ወደ ላይ ስትወጪ ግን ፍጥነትሽ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት የነፋሱ ነገር እምብዛም አይቆጠርም። የምትታገይው ከራስሽና ከሳይክሉ ክብደት ጋር ነው። ስለዚህ ጎበዙም በራሱ ፍጥነት ይወጣል፣ አንቺም በራስሽ። ደህና ክለብ ይህን ያውቃል። ዳገቱ አናት ላይ ሰብሰብ ብለው ውኃ እየጠጡ፣ ጃኬት እየደረቡ የቀረውን ይጠብቃሉ። መጨረሻ መድረስ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። የማይጠብቅ ክለብ ከገጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ዳገቱ ራሱ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ መነሻው ላይ ጉልበት ቆጥቢ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ትንፋሽሽ አንዴ ካመለጠሽ ዳገቱ እስኪያልቅ አይመለስልሽም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መናገር ከቻልኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ከወጣኝ ማርሽ አቀላለሁ። ደግሞ ቪዲዮ ላይ ከምታያቸው የአውሮፓ ጋላቢዎች ጋር ራስሽን አታወዳድሪ። ሞን ቫንቱ የሚባለው ዝነኛው የፈረንሳይ ተራራ ጫፉ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ከዚያ ከፍ ትላለች!

ስለ ማርሹ አልጻፍሽም፤ እሱ ግን ወሳኝ ነው። ያገለገለ የአስፋልት ሳይክል ብዙ ጊዜ ለሜዳ የሚሆን ማርሽ ይዞ ይመጣል። ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ እንዳለው ቁጠሪ። 23 ወይም 25 ከሆነ ይከብድሻል፤ ውሎ አድሮ ጉልበትሽን ያሳምምሻል። 28 ይሻላል፣ 32 ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። አዲስ ማርሽ ከመግዛትሽ በፊት ግን ሳይክሉን ለሳይክል ሠሪ አሳዪው፤ የኋላው ማርሽ ቀያሪ አጭር ከሆነ 32 ላይችል ይችላል። ከፊት በኩል ሦስት ማርሽ ካለው ምንም አትንኪ። ትንሹ ላይ አድርገሽ ትወጪያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ክለብ የሚያስፈልግሽ ለቁልቁለቱ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገትን ነው። ዳገት ላይ ግን ፍጥነት ስለሌለ ብትወድቂ እንኳ ቢበዛ ክርንሽ ይላጣል። አደጋው ያለው መልስ ላይ ነው፤ ደክሞሽ፣ በርዶሽ፣ "በቃ ደረስኩ" ብለሽ ስትወርጂ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወረድ ሲኖትራክ አለ። ሳይታሰብ ጥግ ይዞ የሚቆም ሚኒባስ አለ። ጭነት የያዘ አህያ አለ። አስፋልቱ ዳር ላይ የተበተነ ጠጠር አለ። ልምድ ካለው ሰው ጀርባ ራቅ ብለሽ ውረጂና የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚለቅ፣ ኩርባው ላይ ከመድረሱ በፊት መስመሩን እንዴት እንደሚመርጥ ተመልከቺ። ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል፤ አንድ ጠዋት በዓይንሽ ብታዪው ብዙ ትማሪያለሽ።

እስከዚያው ድረስ ግን ይህን ያዢ። ፍሬን ጨብጠሽ እስከ ታች አትውረጂ። ፍሬንሽ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ያዢ። ፍጥነት የምትቀንሺው ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ፍሬን መጨበጥ ጎማውን ያንሸራትተዋል። የፊት ፍሬን ከኋላው የበለጠ ኃይል አለው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዢና ሰውነትሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ። ከባድ መኪና ከኋላ ከመጣ አትሽቀዳደሚ፤ ዳር ይዘሽ አሳልፊው። ከሁሉ በላይ ጓንት አድርጊ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይመታታል። ጣትሽ ከደነዘዘ ፍሬን መጨበጥ አትችዪም። ያለ ጓንት የመጣ አዲስ አባል ሳይ ሁልጊዜ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ክለቡ ሌላ የሚጠቅምሽ ሜዳው ላይ ነው። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ መንገዱ ገላጣ ስለሆነ፣ ነፋስ ሲነሳ ለብቻ መንዳት ያደክማል። በቡድን እየተፈራረቁ ፊት ይሆናሉ። የፊት ጎማሽ ከፊትሽ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን እንዳይገባ ተጠንቀቂ። እሱ ትንሽ ወደ ጎን ቢል የምትወድቂው አንቺ ነሽ። ከፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ይጠቁማል፤ አንቺም ከኋላሽ ላለው አስተላልፊ። ጠዋት ደግሞ ሱሉልታ የሯጮች አገር ናት። ዳር ዳሩን ተሰልፈው ሲሮጡ ካገኘሻቸው ቀስ ብለሽ፣ ድምፅ አሰምተሽ እለፊ።

ብቻ መንዳትም ግን የራሱ ጥቅም አለው፤ አልቀንሰውም። በቡድን ስትነጂ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ፍጥነት ይጎትትሻል። የራስሽን አቅም የምታውቂው ብቻሽን ስትሆኚ ነው። መቼ እንደሚርብሽ፣ የትኛው ኩርባ ላይ እንደምትዝዪ፣ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚበቃሽ ያኔ ይገባሻል። ጸጥታውም ደስ ይላል። እኔ ብቻዬን የምወጣው በደንብ በማውቀው መንገድ ብቻ ነው። የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ለቤት ሰው እናገራለሁ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ጎማ ማውለቂያ እይዛለሁ፤ ጎሚስታ በየቦታው የለምና ጎማ መቀየሩን ቤት ውስጥ ተለማመጂ። ከጫንጮ አላልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እሱ የቡድን ጉዞ ነው፤ ያውም የመንገዱን ፀጥታ በዚያው ሳምንት አጣርተን። የዓባይ በረሃን የሚመኙ አሉ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መውጣት ስለሆነ አጃቢ መኪና ያስፈልገዋል።

ስለ ለከፋ ጠይቀሻል። እኔም ሴት ነኝ፤ ከተማ ውስጥ ነው የሚብሰው። ገጠሩ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ከየት እንደመጣሁና ውኃ እንደምፈልግ ነው። ልጆች እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ቀድመሽ ሰላም በያቸው። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። "አካም ቡልተን" ካልሽ ድንጋይ ያነሳው ልጅ ራሱ ስቆ ይመልስልሻል። ውሻ ከተከተለሽ ሜዳ ላይ አምልጪው፤ ዳገት ላይ ግን ውረጂና ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርገሽ በእግርሽ ሂጂ። ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ቤተሰቦችሽ "ሴት ልጅ በሳይክል ከከተማ ትወጣለች ወይ?" ማለታቸው አሳዝኖኛል። ሳይክል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ሰላም አምሃ በሴቶች የጎዳና ውድድር አገሯን ወክላ ተሰልፋለች። ይህን ንገሪያቸው። ከተቻለ የክለቡን ሰዎች ቤት ጋብዘሽ አስተዋውቂያቸው፤ የብዙዎቻችን ቤተሰብ የረጋው ከማን ጋር እንደምንወጣ ሲያውቅ ነው።

ምግብን በተመለከተ የኃይል ብስኩት ፍለጋ አትድከሚ። በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጠሽ አንዱ ኮዳ ውስጥ አድርጊ፣ ሌላው ውኃ ይሁን። ሙዝና ዳቦ ኪስሽ ውስጥ ያዢ። ሳይርብሽ በፊት ብዪ። ጾም የምትጾሚ ከሆነ፣ እስከ ቀትር ምንም በማትቀምሺባቸው ቀናት ሱሉልታን አትውጪ፤ ከተማ ውስጥ ቀለል ያለ ዙር ይበቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ማልዶ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡና በረዶው ቁልቁለቱ ላይ ይደርስብሻል።

ለመጀመሪያው እሑድ ሱሉልታ ከተማ ደርሶ መመለስ በቂ ነው። ሌሎቹ ወደ ጫንጮ ቢቀጥሉ አንቺ ሻይ ጠጥተሽ ጠብቂያቸው፤ ቁልቁለቱን አብረሻቸው ውረጂ። ከዚያ በፊት የፍሬኑን ጎማ አሳይተሽ ካለቀ አስቀይሪ። የኋላውን ማርሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ ምን ዓይነት እንደሚሆንሽ አይተን እንነግርሻለን።