ቮይስ ሜሴጅና የማክሉሃን አራት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። ኮሙኒኬሽን ተማሪ ነኝ። መምህራችን የማክሉሃንን አራት ጥያቄዎች ሰጠንና አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ ምን ይዞ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ታውቁበታላችሁ አለን፣ እኔ ግን ስኒ ከማየት በምን እንደሚለይ አልገባኝም። አሳይመንቴ ስለ ቮይስ ሜሴጅ ነው፣ እስቲ አግዙኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስኒ ማየቱን እንኳ ተወው፣ የምታየው ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ ነው ባይሆን። ማክሉሃን የቶሮንቶ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው፣ ጥያቄዎቹ ያሉበትን መጽሐፍ ልጁ ኤሪክ ጨርሶት የወጣው በ1988 ነው፣ እንግዲህ ስማርትፎን በዓይኑ ሳያይ ማለት ነው። ጥያቄዎቹም፦ አዲሱ ቴክኖሎጂ ምንን ያጎላል፣ ምንን ከጨዋታ ያስወጣል፣ ድሮ ከተተወው ምንን ይመልሳል፣ እስከ ጥጉ ሲገፋስ ወደ ምን ይገለበጣል? በቃ ይሄው ነው።

ሁለቱ ቀላል ናቸው። ድምፅን ያጎላል፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ ማይኳን ተጭነው ይመርቁሃል። መጻፍን ያስወጣል፣ መደወልንም በከፊል።

ሦስተኛው ላይ ግን ቆይ። ዓረብ አገር ያለች ልጅ ድምጿን ካሴት ላይ ቀርፃ በሰው የምትልክበት ጊዜ ነበር፣ ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጅቷ ገና "እንዴት ናችሁ" ስትል እናት ማልቀስ ይጀምራሉ። ያንን ካሴት የሚያስታውስ ሰው ቮይስ ሲመጣ እንደሚረዝም፣ ለአንድ ሰው የተላከው ብዙ ጆሮ እንደሚገባ፣ መሃል ላይ "ቆይ እስቲ" ብሎ ማቋረጥ እንደማይቻል ቀድሞ መናገር ይችል ነበር። ለኔ የቲዎሪው ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ የተመለሰው ነገር ያኔ ምን እንዳደረገ የሚነግርህ ሰው በሕይወት አለ።

አራተኛው ደግሞ፣ ሁሉም ሰባት ሰባት ደቂቃ ሲልክ ጨዋታው ንግግር ማድረግ ሆነና ዋትስአፕ በ2021 ማፍጠኛ አስገባ፣ በ2024 ደግሞ ቮይሱን ወደ ጽሑፍ መለወጫ፣ ይኸው ተገልብጦ ከሸሸው ጽሑፍ ጋር ተገናኘ። የባሰው ግን "ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ እሱ ራሱ ነው" የምንልበት ማስረጃ አሁን በኤአይ ይኮረጃል፣ ስለዚህ ብር ላክልኝ የሚል ቮይስ ከመጣ መልሰህ ደውል።

ድክመቱን አልደብቅህም፣ መቼ እንደሚሆን አይነግርህም፣ አራተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ ያሻህን ብትጽፍ የሚያስቆምህ የለም። ስለዚህ ግምትህን ቀን ጽፈህበት አስቀምጥ፣ በኋላ እንዳታስተካክለው። ስለ ካሴቱ አክስት ካለችህ ጠይቃት፣ በአካል ሄደህ ግን፣ በቮይስ ከጠየቅካት 11 ደቂቃ ነው የምትልክልህ።