የጤና ሽፋን ለሁሉም፦ ሀብታም እስክንሆን አንጠብቅ

መንግሥት ለዜጋው ሁሉ የጤና ሽፋን መስጠት ይገባዋል ወይ? "ድሃ አገር ሁሉንም ዜጋ ላሳክም ብትል ትከስራለች፤ መጀመሪያ እንበልጽግ" ብለሃል ወንድሜ። በዚህ አልስማማም።

ታይላንድን እይ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢኮኖሚዋ ክፉኛ ተናግቶ ነበር። በ2002 ግን ሽፋኑን ለመላው ሕዝብ አዳረሰች። ታካሚው ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ነበር፤ ሌላው ከግብር ይሸፈናል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረችው ከጦርነት ማግስት፣ ምግብ ገና በራሽን እየታደለ ነው።

የእኛው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ጣጣው መድኃኒቱ ላይ ነው። ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ" ይሉታል። ከየት አምጥቶ? በግ ወይ በሬ ሊሸጥ ነው። በዓመቱ "አላድስም" ቢል ማን ይፈርድበታል? አባል ሲቀንስ ደግሞ ፈንዱ ይዳከማል፤ መድኃኒቱም ይብሱን ይጠፋል።

ስለዚህ መልሴ አዎ፣ ይገባል ነው፤ አሁኑኑ። ግን መንግሥት የጤና ጣቢያዎቹን መድኃኒት ቤት ይሙላ። መክፈል ለማይችሉትም መዋጮውን መሸፈኑን እንዳያቋርጥ።