«አስኳል» ወይስ «ኒውክለስ»?

ጥያቄ፦ ልጄ በሳይንስ ፈተና ላይ የሰው ሕዋስ ሥዕል ተሰጥቷት፣ መሃል ላይ ያለውን ክፍል «አስኳል» ብላ ጻፈች። መምህሩ ሰርዞ «ኒውክለስ» አለው። እዚያው «ሕዋሳቶች» ያለችውን ግን ሳይነካው አለፈ። የቱ ነው ልክ? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልክ የነበረው ተሰርዟል፤ መሰረዝ የነበረበት ታልፏል። በተለይ የ«አስኳል» መሰረዝ ከንክኖኛል።

ይህን ቃል የማይወዱ ሰዎች የሚሉትን አውቃለሁ። «አስኳል የእንቁላል ነው፤ ልጆች ይምታታባቸዋል፤ የሳይንስ ቃል እንዳለ ይወሰድ» ይላሉ። እንዳለ የሚወሰደው ቃልስ ከየት መጣ? ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1831 ስሙን ሲሰጥ አዲስ ቃል አልፈጠረም። ኒውክለስ በላቲን ከቅርፊት ሥር ያለው የፍሬ ውስጥ ነው። ሥሩ «ኑክስ» ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ፣ እንደ ለውዝ ያለ ፍሬ ማለት ነው። እነሱ ከጓዳቸው ሲያወጡ ሳይንስ፣ እኛ ከጓዳችን ስናወጣ መምታታት የሚሆነው ለምንድን ነው? «የጉዳዩ አስኳል» ሲባል እኮ እንቁላል ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ ፋቅ አድርጎ፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጎበት በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ይፍረደኝ። ሳሳ ባለው ሰማያዊ መሃል ጠቆር ብላ የምትታየው ክብ ነገር ከአስኳል ሌላ ምን ትባላለች?

አንድ ነገር ግን ላምን። የእንቁላል አስኳል ለጫጩቷ ስንቅ ነው። የሕዋስ አስኳል ስንቅ አይደለም። ዲኤንኤ የሚቀመጥበት፣ የትኛው ፕሮቲን መቼ ይሠራ የሚለው ትእዛዝ የሚወጣበት ነው። ምግብን ወደ ጉልበት የመለወጡ ሥራ በአብዛኛው የሚቶኮንድሪያ ነው። ስለዚህ የተቃዋሚዎቹ ስጋት ከንቱ አይደለም። ከክፍል እስከ ላቦራቶሪ «ኒውክለስ» እንደበረታም አያለሁ። ቢሆንም አስኳልን አልለቅም፤ ለጆሮዬ ይጥመኛል።

«ሕዋስ» ራሱ ቦታ የለወጠ ቃል ነው። አባቶች «አምስቱ ሕዋሳት» ሲሉ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ሴል» ያለው ግን ጠባብ ክፍል ለማለት ነበር። በእንግሊዝኛ የመነኩሴ ማረፊያም ሴል ይባላል። እዚህ ጣና ላይ፣ በእነ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት፣ ለዚህ «በዓት» የሚል ያማረ ቃል አለን። እኔ ብጠየቅ በዓትን እመርጥ ነበር። አሁን ረፍዷል፤ ሕዋስ ሥር ሰዷል።

ወደ «ሕዋሳቶች» ልምጣ። «ሕዋሳት» በግእዙ ብዙ ነው። «ኦች» ሲጨመርበት በብዙ ላይ ብዙ ይሆናል፤ እንደ «ቃላቶች» እና «መምህራኖች»። አማርኛውን የወደደ «ሕዋሶች» ይበል፤ ምንም አይወጣለትም። «ሚቶኮንድሪያዎችስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሚቶኮንድሪያም ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ሚቶኮንድሪዮን ነው። ያን ነጠላ በአማርኛ የሚጠራ ስለሌለ ግን ዝም እላለሁ። «ሕዋስ»ን ሁሉም ይጠራል፤ ስለዚህ ሰበብ የለንም። «ሕዋሳቶች» በሬዲዮም በቴሌቪዥንም እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ወደፊት ያሸንፍ ይሆናል። እኔ ግን አልጽፈውም።

ልጅዎ ለፈተናው «አስኳል (ኒውክለስ)» ብላ ጎን ለጎን ትጻፍ። በሰው ሕዋስ ላይ «ግድግዳ» የሚል ጽፋ ከሆነ ግን እሱ ይሰረዝ፤ ግድግዳ የዕፅዋት ሕዋስ ነው ያለው፣ የሰው ሽፋን ብቻ ነው።