ቅናት፣ ቁርኝትና ጾታ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድን የሚያስቀናው የአካል ክህደት፣ ሴትን ደግሞ የልብ ክህደት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባባሉ የተስፋፋው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ባስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ካሳተሙት ጥናት በኋላ ነው። ተሳታፊዎቹ ሁለቱን ክህደቶች በምናባቸው አስበው ይበልጥ የሚያማቸውን አንዱን ብቻ እንዲመርጡ ተጠየቁ። ከወንዶቹ 60 በመቶ፣ ከሴቶቹ 17 በመቶ ያህሉ የአካሉን መረጡ። ሁሉም ሰው በልዩነቱ ይደነቃል፤ ስለቀሩት 40 በመቶ ወንዶች የሚጠይቅ ግን የለም! እ.ኤ.አ. በ2010 ሌቪና ኬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ከቁርኝት፣ ማለትም ሰው ከሚወደው ጋር ከሚተሳሰርበት መንገድ ጋር አያይዘው መረመሩ። መቀራረብን የሚሸሹ ሰዎች ወደ አካላዊው፣ በቁርኝታቸው የተረጋጉት ወደ ስሜታዊው አዘነበሉ፤ ወንዶችም ጭምር። «ወንድ አይደል?» ብሎ ነገሩን መዝጋት ስንፍና ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጣም ይቀናል። ቁርኝቱ ምን ዓይነት ነው?

መልስ፦ ያላነጋገርኩትን ሰው አልፈርጅም። ቁርኝት የበሽታ ስም አይደለም።

አንድ የውይይቱ አባል፦ መምህር፣ ዝግመተ ለውጥን ዘለሉት። በዚያ አስተሳሰብ ወንድን የአካል ክህደት የሚያስቀናው የሚወለደው ልጅ የእሱ መሆኑን እርግጠኛ መሆን ስለማይችል ነው።

ሌላ አባል፦ ተመራማሪዋ ክሪስቲን ሃሪስ በእውን የተከዱ ሰዎችን ስትጠይቅ ግን ወንዶቹም ሴቶቹም ይበልጥ ያብሰለሰላቸው የልብ ክህደቱ ነበር።

የመጀመሪያው፦ ያ በትዝታ ላይ የቆመ ነው። ትዝታ ያታልላል።

ሌላው፦ በምናብ የታሰበ ክህደትስ አያታልልም?

ሦስተኛ አባል፦ እንስሳትስ ይቀናሉ?

መልስ፦ እንስሳቱን ለሌላ ቀን እናቆያቸው። የሁለታችሁ ክርክር ግን ተገቢ ነው፤ በምናብ የሚመረጥና በኑሮ የሚደርስ ሕመም አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የፍቅረኛዬን ስልክ ሳልፈትሽ መተኛት አልችልም። ለምን?

መልስ፦ መተውን አጥብቆ የሚፈራ ሰው አሻሚ ምልክት ሁሉ ማስረጃ ይመስለዋል። የዘገየ መልስ፣ የተቀየረ ድምፅ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ፍተሻው ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፤ ዕረፍቱ ሲያልቅ ጥርጣሬው ይመለሳል፤ እንደገና መፈተሽ ይመጣል። ቁጣውም መንገድ አለው። ተመራማሪዎቹ ሻርፕስቲንና ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት የተረጋጉት ቁጣቸውን ለፍቅረኛቸው ይናገራሉ፤ መተውን ፈርተው የሚጨነቁት ያፍኑታል፤ መቀራረብን የሚሸሹት በሦስተኛው ሰው፣ በተቀናቃኙ ላይ ያዞሩታል። እርስዎ ከመፈተሽ ይልቅ «ፈርቻለሁ» ብለው ይናገሩ። ከባድ ነው፤ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ እጮኛስ ቁርኝቷ ምን ይሆን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ሰው አልፈርጅም!

ጥያቄ፦ ቁርኝቴ እንዲህ ስለሆነ ከጓደኞቿ ጋር እንዳትገናኝ ብከለክላት ልትረዳኝ አይገባም?

መልስ፦ አይገባም። ፍርሃትዎን ልትረዳ ትችላለች፤ ክልከላው ግን የእርስዎ ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ ይለወጣል?

መልስ፦ ምኑ? ቁርኝት ማለትዎ ከሆነ፣ አዎን። እንደ ግንኙነቱ ይለያያል፤ በምክር አገልግሎትም ሊሻሻል ይችላል።